መስኮቱ የተነቀለ ቅርስ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት መሞት ሲጀምር ቀድሞ የሚሞተው መስኮቱ ነው። ጣሪያው ገና ማፍሰስ ሳይጀምር፣ ግድግዳው ገና ሳይሰነጠቅ መስኮቱ ሄዷል። አንዱ መስታወት ይሰበርና በካርቶን ይሸፈናል። ካርቶኑ ክረምት ሲመጣ ይረጥብና ቆርቆሮ ይመታበታል። ቆርቆሮው ሲዝግ አቅም ያገኘ ተከራይ ወይም በጀት የተረፈው መሥሪያ ቤት የእንጨቱን መቃን ከነመዝጊያው ነቅሎ ነጭ አልሙኒየም ይገጥምለታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ መዝገብ ላይ ቅርስ ነው፤ መንገድ ላይ ለሚያየው ሰው ግን ሱቅ ወይም ክሊኒክ ይመስላል።

ፒያሳ ላይ ሰፈር በሙሉ በተነሣበት ዘመን ስለ መስኮት ማውራት ቅንጦት ነው የሚል አይጠፋም። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ አራዳ ሲገባ ሕዝቡ ያየው ነገር ትልቅ ነበር፤ ጣሪያው፣ ግድግዳው፣ ሱቁ፣ ጎረቤቱ፣ ዕድሩ አንድ ላይ ሄዱ። ከዚያ ጋር ሲነጻጸር የአንድ መስኮት መለወጥ ምን ይቆጠራል?

ይቆጠራል። የፈረሰው ፈርሷል፤ አሁን ነገሩ ያለው የተረፉት ላይ ነው። የተረፉትን ደግሞ ከዶዘር ይልቅ የሚያሰጋቸው እድሳት ነው። ቀለም ይቀባሉ፣ ይለሰናሉ፣ መስኮታቸው ይቀየራል፣ ሪባን ይቆረጣል። ማንም አፈረሳችሁ ብሎ አይከስስም፤ ቤቱ ቆሟልና። ምን እንደጠፋ ለማወቅ ግን መስኮቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

መስኮት የግእዝ ቃል ነው። በዚህ አገር የመስኮት ወግ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ለማየት አክሱም መሄድ ይበቃል። የአክሱም ትልልቆቹ ሐውልቶች ድንጋይ ሆነው ሳለ እንደ ፎቅ ቤት ነው የተጠረቡት፤ ከታች በር፣ ከላይ በየደርቡ የመስኮት ረድፍ አላቸው። ከሮም ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2008 ዳግም የቆመው 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሐውልትም እንዲሁ ነው። ከውስጡ የሚኖር ሰው የለም፤ ብርሃን የሚፈልግ ክፍልም የለውም። ጠራቢው ግን ያለ መስኮት ቤት ቤት አይመስልም ብሎ ሳያምን አልቀረም። ላሊበላ ላይ ይኸው የአክሱም መስኮት፣ አራት ማዕዘኑ ላይ የሚወጡት የእንጨት ጫፎች ሳይቀሩ በአለት ተቀርጾ ይገኛል። እንጨቱ ለግንቡ የሚሰጠው ጥቅም አለት ላይ የለም፤ መልኩ ግን ተጠብቋል። ከእንጨት ወደ ድንጋይ ሲሻገሩ እንኳ የመስኮቱን መልክ አልለቀቁትም።

ይህ የነገሥታትና የካህናት ወግ ነበር። ተራው ሰው የሚኖርበት ጎጆ በር እንጂ መስኮት አልነበረውም። ጭሱ በሣሩ ክዳን መሐል ተሰልቶ ይወጣል፤ ብርሃን በበር ይገባል፤ ቀዳዳ ካለ ብርድና ሌባ ይገባበታል። (ዛሬም ታክሲ ውስጥ መስኮት ይከፈት አይከፈት በሚል የሚነሣው ጠብ የዚያ ጎጆ ትዝታ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።) ስለዚህ አዲስ አበባ ስትቆረቆር ወደ መንገድ የሚያይ፣ መስታወት ያለው፣ ተከፍቶ የሚዘጋ መስኮት ለአብዛኛው ነዋሪ አዲስ ነገር ነበር።

1879 ዓ.ም. ለዚህ ታሪክ ሁለት ጊዜ ያስፈልጋል። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ተቆረቆረች፤ በዚያው ዓመት ጨለንቆ ላይ ምኒልክ ድል አድርገው ሐረርን ያዙ። የሁለቱ መገጣጠም ለመስኮት ምን አመጣ ቢባል፣ ህንዶችን አመጣ። ሐረር የባሕር ንግድ በር ነበረችና ከጉጃራት የመጡ ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች እዚያ ሰፈሩ፤ ከዚያም ንግዱን ተከትለው ወደ አዲሲቱ ከተማ ወጡ።

ሐረር ጁገል ውስጥ ልዩነቱ እስከ ዛሬ በግልጽ ይታያል። ነባሩ የሐረሪ ቤት ፊቱን ለግቢው ሰጥቶ ጀርባውን ለመንገድ ያዞራል፤ ጌጡ፣ መደቡ፣ ግድግዳ ላይ የሚደረደረው ሰፌድና ጻሕል ሁሉ ውስጥ ነው። ህንዶቹ የሠሩት ግን አራት ማዕዘን፣ ባለ አንድ ፎቅ፣ በረንዳው መንገዱን ወይም ግቢውን የሚያይ ቤት ነው። ቱሪስት የራምቦ ቤት እያለ የሚጎበኘው ባለ ቀለም መስታወት ቤት ከዚህ ወገን ነው። ገጣሚው ራሱ አልኖረበትም፤ ቤቱ የተሠራው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። የሚያስደንቀው ነገር ግን ሳያውቁት የሚያልፉበት መስኮቱ ነው፤ ቀይና ሰማያዊ መስታወት ውስጥ አልፎ የሚገባ የሐረር ፀሐይ።

በረንዳ የሚለውንም ቃል ልብ ይሏል። እንግሊዞች ራሳቸው ቃሉን የለመዱት ህንድ ውስጥ ነው። አማርኛ ወስዶ የራሱ አደረገው፤ ከዚያም አልፎ ቤት ለሌለው ሰው መጠሪያ ሠራበት፤ በረንዳ አዳሪ። ከህንድ የመጣ የነጋዴ ቤት ጌጥ የአዲስ አበባ ድሃ መኝታ ስም ሆነ።

ለምኒልክ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ከሠሩት ባለሙያዎች መካከል ህንዳውያን ሙስሊሞች ነበሩ። አራዳ ላይ የመሐመድአሊ የንግድ ቤት ከከተማው ትልልቅ ነጋዴዎች አንዱ ነበር። ከነሱ ጋር አርመኖች፣ ግሪኮች፣ ጥቂት ጣሊያኖችና ፈረንሳዮች ነበሩ። አርመናዊው ሚናስ ኸርበኪያን ከተማዋን ከቀረጹት ሰዎች አንዱ ነው፤ ዙሪያውን በመስታወት የተከበበው የራሱ ቤት እሱ ምን ዓይነት መስኮት ይወድ እንደነበር ይመሰክራል።

ከዚህ ድብልቅ አንድ የአዲስ አበባ ቤት ተወለደ። ግድግዳው የአገር ነው፤ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ወይም ምርጊት። ጣሪያው ከባሕር ማዶ የመጣ ቆርቆሮ። በቆርቆሮው ጫፍ ሥር እንደ ቀሚስ ጥልፍ የተፈለፈለ እንጨት ይንጠለጠላል። ፊት ለፊቱ በረንዳ ነው፤ የበረንዳው ግማሽ ወይም ሙሉው በእንጨት መቃንና በትንንሽ መስታወቶች ተዘግቶ ከውስጥ ሲታይ የብርሃን ግድግዳ ይሆናል። ደጃዝማቹም ነጋዴውም እንዲህ ያለ ቤት ሠራ። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው፣ በበረንዳው ይታወቃል። የሼህ ሆጀሌ ቤተ መንግሥት ሰፈሩን ሸጎሌ አሰኝቶ ቀረ። የቢትወደድ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤት፣ ኋላ የከተማው የመጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት የሆነው፣ ለረጅም ዓመታት ፊቱ እየረገፈ ቆሞ ሲታይ ኖሯል።

መስታወቶቹ ለምን ትንንሽ ሆኑ? ውበት ብቻ አይደለም። ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ነው፤ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ከዚያ በፊት መስታወት ማለት ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በረሃውን በግመል፣ ዳገቱን በበቅሎ የሚወጣ ዕቃ ማለት ነው። ትልቅ መስታወት ለዚህ ጉዞ አይሆንም፤ ትንሹ ይሻላል፤ ሲሰበርም አንዱን መተካት ይቀላል። እንጨቱ ብዙ ክፍል ኖሮት፣ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ትንሽ መስታወት ይዞ፣ አንዱ ሲሄድ ሌላው እንዲቆይ ሆኖ ተሠራ። የዚያን ዘመን መስታወት በእጅ የተሠራ በመሆኑ ፍጹም ልሙጥ አይደለም፤ ከውጭ የሚያልፈው ሰው በውስጡ ሲታይ ትንሽ ይወዛወዛል። ይህን መስታወት ዛሬ ከገበያ ገዝቶ ማምጣት አይቻልም። አንድ ጊዜ ከተሰበረ አለቀ።

እንጨቱም እንደዚያው ነው። ጥድና ዝግባ ነበር የሚጠረበው፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት ቀስ ብሎ ያደገ፣ ጠጣር፣ ጥዱማ ምስጥም የማይደፍረው። መቶ ዓመት የዘለቀው መቃን የዘለቀው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ በችኮላ ከተቆረጠ ባሕር ዛፍ የተሠራ መቃን ሲደርቅ ይጣመማል፤ ሁለት ክረምት ሳያልፍ መዝጊያው አልገጥም ይላል።

ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ወረራ የራሱን መስኮት ይዞ መጣ፤ ስስ ጣውላዎች ዘንበል ዘንበል ብለው የተደረደሩበት፣ ተዘግቶም አየር የሚያስገባ መዝጊያ። ካዛንቺስና ፖፖላሬ ስማቸውን ያገኙት በዚያ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞችና ለተራ ጣሊያኖች ከተሠሩ ቤቶች ነው። የአናጺውና የግንበኛው አፍም ከዚያ በኋላ ጣሊያንኛ ተሞላ፤ ጣውላ፣ ኮርኒስ፣ ካቻቪቴ፣ ስቱኮ፣ ላሜራ፣ ኮምፔንሳቶ። ወራሪው ሲወጣ ቃላቱ ቀሩ፤ ሙያውም አብሯቸው ቀረ።

ከነጻነት በኋላ ብረት መጣ። በኤልቲዜድ ብረት የተበየደ ስስ መቃን የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ መልክ ሆነ። የዚያ ዘመን ትልቁ መስኮት በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአርቱሮ ሜዘዲሚ የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው ነው፤ የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር ባለ ቀለም መስታወት። ስለ እሱ ወደ ኋላ እንመለሳለን።

*

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ። የአራዳ መስኮቶች የተበላሹት ለምንድን ነው? እርጅና ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ግን እውነት አይደለም። ቁልፉ ያለው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ላይ ነው።

አዋጁ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራዩ በወር ከ100 ብር በታች የሆነ ቤት ወደ ቀበሌ ሄደ፤ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር። ኪራይም እንዲቀንስ ተደረገ። ለብዙ ድሃ ቤተሰብ ይህ አዋጅ በሕይወቱ ያገኘው ትልቁ እፎይታ ነበር፤ የቤት አከራይን በትር የቀመሰ ሰው ይህን አይክድም። አዋጁን የሚያወግዝም የሚያወድስም ዛሬም አለ። መስኮቱን በተመለከተ ግን ውጤቱ አንድ ነው፤ ባለቤት አልባ ሆነ።

አንድ የመኳንንት ቤት ለብዙ ቤተሰብ ተከፋፈለ። ትልቁ አዳራሽ በኮምፔንሳቶ ተገደገደ። በረንዳው ማድቤት ወይም የልጆች መኝታ ለመሆን በቆርቆሮና በቺፑድ ተዘጋ። ኪራዩ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ቀበሌው ለጥገና የሚበቃ ገንዘብ አይሰበስብም። ተከራዩ ደግሞ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ለምን ያወጣል? ቢያወጣስ ነገ ይነሣል፤ ቢያሳምረው ሌላ ይመኝበታል። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ስቱኮው የደረቀን መስታወት ዳግም ማጣበቅ፣ በሁለት ሦስት ዓመት አንዴ መቃኑን ቀለም መቀባት የማን ሥራ ነው? የማንም። የእንጨት መስኮት ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ይህን ትንሽ፣ አሰልቺ፣ በየጊዜው የሚደረግ ሥራ ነው። ቀለም ያጣ እንጨት ውሃ ይጠጣል፤ ውሃ የጠጣ እንጨት ይበሰብሳል።

መበስበሱም ከታች ነው የሚጀምረው፤ ዝናቡ የሚጠራቀምበት የታችኛው አግዳሚ ላይ። ላይኛውና ጎን ቋሚዎቹ ብዙውን ጊዜ ደህና ናቸው። ሙያ የሚያውቅ አናጺ የበሰበሰውን ያህል ቆርጦ፣ ተመሳሳይ እንጨት ቀጥሎ፣ በእንጨት ችንካር አያይዞ ይመልሰዋል። መስኮቱ ከዚያ በኋላ ሌላ ዕድሜ አለው። ግን ማን ጠራው? ወጪውን ማን ይችላል? እንዲህ ያለ ቅጥያ የሚሠራው አናጺስ ስንት ቀረ? ገበያው ላይ ያለው ሰው አልሙኒየም ቆራጭ ነው፤ ጠዋት ለክቶ በማግሥቱ ይገጥማል። እሱን መውቀስ አይገባም። የተጠራበትን ሥራ ነው የሚሠራ።

ጉዳቱ ግን ከመልክ ያልፋል። የአራዳ አሮጌ ቤት ግድግዳ ስሚንቶ አይደለም። ምርጊት ቤት ከሆነ የመስኮቱ መቃን ከቋሚ ማገሮቹ ጋር ተያይዞ የቆመ ነው፤ በድንጋይና ጭቃ የተገነባ ከሆነ ከመስኮቱ በላይ ያለውን ክብደት የተሸከመው የእንጨት ጉበን ነው። መቃኑ በመዶሻ ሲነቀል ጭቃው አብሮ ይረግፋል፤ ድንጋዩ ይላላል። ከዚያ ችግሩ ሌላ ነው፤ አሮጌው ክፍት ቦታ ማዕዘኑ እኩል አይደለም፤ አልሙኒየሙ ግን እኩል ማዕዘን ይፈልጋል። ክፍተቱ በስሚንቶ ይሞላል። ስሚንቶና ጭቃ ደግሞ አይዋደዱም። ጭቃው እርጥበት ይወስዳል ይተፋል፤ ስሚንቶው ያፍነዋል። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ከስሚንቶው ጀርባ ይጠራቀማል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከመስኮቱ ሥር ስንጥቅ ይታያል። ያኔ ኮሚቴ ይመጣና ቤቱ ለነዋሪው አደገኛ ነው ተብሎ ይጻፋል። አደገኛ ያደረገው እድሳቱ እንደነበር የሚጽፍ የለም።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የሆነን ነገር ለመጠገንም ሆነ ለማደስ አስቀድሞ የባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዲጠየቅ ያዝዛል። ወጪው ከባለ ይዞታው አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት የተወሰነውን በመሸፈን ሊረዳ እንደሚችልም ይናገራል። ሊረዳ ይችላል። ሁሉም ነገር ያለው በዚያች "ይችላል" ውስጥ ነው። መከልከሉ ግዴታ፣ መርዳቱ ፈቃድ ሆነ። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ ዝናብ የሚገባባት ክፍል ውስጥ ልጅ ታቅፋ የምትተኛ እናት ላይ ሲያሳርፉት የሚሆነው ግልጽ ነው። ደብዳቤ ጽፋ ፈቃድ አትጠይቅም። ቆርቆሮ ትመታበታለች። ልክ ናት።

ስለዚህ በአዲስ አበባ የቅርስ ጠበቆች ዘንድ የሚሰማው "ሕዝቡ የቅርስ ግንዛቤ የለውም" የሚል ቅሬታ ብዙም አያስኬድም። ነዋሪው የቤቱን ዋጋ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ የትኛው ራስ እንደሠራው፣ የትኛው ክፍል ውስጥ ምን እንደተደረገ ከማንም በላይ የሚተርከው እሱ ነው። የጎደለው ስቱኮ፣ ቀለምና የመኖሪያ ዋስትና ነው።

መስኮትን በሕግ ማበላሸት የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1696 እስከ 1851 በመስኮት ቁጥር ግብር አስከፍላለች። ባለ ቤቶች ግብሩን ለመሸሽ መስኮታቸውን በጡብ ደፈኑ፤ ከእነዚያ የተደፈኑ መስኮቶች ዛሬም በየከተማው የሚታዩ አሉ። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. ከ1798 እስከ 1926 በርና መስኮት ላይ ግብር ጥላ ነበር። የሚገርመው እንግሊዝ ዛሬ በተቃራኒው በኩል መቆሟ ነው። ታሪካዊ ተብሎ በተከለለ ሰፈር በተመዘገበ ቤት የሚኖር ሰው የእንጨት መስኮቱን አውጥቶ ፕላስቲክ ልግጠም ቢል ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ብዙውን ጊዜም እንቢ ይባላል። እዚያ ክርክሩ የሙቀት ነው፤ ያረጀ መስኮት ቤት ያቀዘቅዛል፣ የማሞቂያ ሂሳብ ያስጨምራል። አዲስ አበባ ላይ ማሞቂያ የለም። የእኛ ነዋሪ የሚያነሣው ሌላ ነው፤ ሌባ፣ አቧራ፣ የመንገድ ጩኸት። ለሦስቱም ከውስጥ በኩል የሚጨመር ሁለተኛ መዝጊያ ወይም ፍርግርግ መላ አለው፤ የውጩን ሳይነኩ።

ሐረር ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነበረች። ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ዩኔስኮ ካነሣቸው ስጋቶች መካከል ድንጋይ ቤቶች በጭቃና በስሚንቶ መለሰናቸው፣ የእንጨት በሮች በብረት መቀየራቸው ይገኙበታል። ጦርነት ወይም ጎርፍ አይደለም የተጠቀሰው። በር ነው። 82 መስጊድና 102 አዋች ያላት ከተማ በበር ተመዘነች።

መመዝገብ ብቻውን እንደማያድን ደግሞ የህንድ ውቅያኖስ ወንድም ከተማ ዛንዚባር ታስተምራለች። የእንጨት በረንዳውን ወግ ይዘው ሐረር የገቡት የጉጃራት ነጋዴዎች እዚያም ነበሩ፤ የስቶን ታውን ሰገነቶችና የተቀረጹ በሮች የዚያ ዓለም ናቸው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2000 ተመዝግባለች። ታላቁ የሱልጣኑ ሕንፃ ቤት አል አጃኢብ ግን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 2020 እድሳት ላይ እያለ በከፊል ተደርምሶ ሰው ገድሏል። እድሳት የሚለው ቃል በራሱ ጤና ማለት አይደለም።

ጥሩ ምሳሌ ፍለጋ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከካዛንቺስ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። የአፍሪካ አዳራሽ ለዓመታት ከቆየ እድሳት በኋላ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ዳግም ተከፍቷል። እዚያ የነበረው አሠራር ሌላ ነው። መጀመሪያ ያለውን መለካትና መመዝገብ፤ የሚድነውን ማዳን፤ የማይድነውን በመልክና በቀለም ተመሳሳይ በሆነ መተካት። የአፈወርቅ መስታወት በባለሙያ እጅ ታድሶ ቦታው ላይ አለ። ያ ሕንፃ የተባበሩት መንግሥታት ገንዘብ አለው፤ የቀበሌ ቤት የለውም፤ ስለዚህ ንጽጽሩ ፍትሐዊ አይደለም የሚል ሰው ግማሽ እውነት ይዟል። ገንዘቡ የለም። መለካት ግን ገንዘብ አይጠይቅም። አሮጌውን ሳይለኩና ፎቶ ሳያነሡ አለመንቀል ምን ያስከፍላል?

ወደ ኮሪደሩ እንመለስ። የመንገድ ዳር ቤቶች አንድ ዓይነት ገጽታ እንዲኖራቸው መፈለግ ለከተማ አስተዳደር የሚገባ ፍላጎት ነው፤ ንጹሕ መንገድ፣ የበራ መብራት፣ የተስተካከለ እግረኛ መሄጃ ማንም አይጠላም። አደጋው የሚመጣው ይኸው መለኪያ መቶ ዓመት ባለው ቤት ላይ ሲውል ነው። የአራዳ ቤቶች ውበታቸው አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ነው። የህንዱ ፈልፋይ፣ የአርመኑ መሐንዲስ፣ የሸዋው ግንበኛ፣ የጣሊያኑ አናጺ እጅ በአንድ ፊት ላይ ይታያል። ሁሉንም በአንድ ካታሎግ መስኮት መተካት ያንን ንግግር ማቋረጥ ነው። በዚያ ላይ የሥራው ፍጥነት አለ። በቀን ገደብ የሚሠራ ተቋራጭ የበሰበሰ አግዳሚ ቆርጦ እስኪቀጥል አይጠብቅም፤ ውሉም አይፈቅድለትም። በሜትር ካሬ ነው የሚከፈለው።

የሚነቀሉት መስኮቶች የት ይሄዳሉ የሚለውም ጥያቄ አለ። ጥዱ ጥሩ ማገዶ ነው። ማጠፊያውና መቀርቀሪያው፣ አንዳንዱ ከነሐስ የተሠራ ሆኖ ሳለ፣ ለቁራሌው በኪሎ ይሸጣል። መስታወቱ ቆሻሻ ላይ ይደፋል። በሌላ በኩል ቤት እያደሱ የድሮ መስታወትና የድሮ ማጠፊያ ፈልገው የሚያጡ ሰዎች እዚሁ ከተማ ውስጥ አሉ። አንድ ክፍለ ከተማ አንድ መጋዘን ከፍቶ የተነቀለውን ቢያስቀምጥ ለቀጣዩ ጥገና መለዋወጫ ይሆን ነበር። ይህ ትልቅ ፖሊሲ አይፈልግም፤ ቁልፍና ዘበኛ ነው የሚፈልገው።

ማስረጃውም ጨርሶ አልጠፋም። ሚሌና ባቲስቶኒና ጃን ፓውሎ ኪያሪ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒ ጄራር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሟቸው መጻሕፍት የአዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች አንድ በአንድ ተዘርዝረዋል፣ ፎቶ ተነሥተዋል። ከነዚያ ቤቶች የተወሰኑት ዛሬ በገጹ ላይ ብቻ ነው ያሉት። ቆመው ያሉትን በተመለከተ ግን ፎቶውን ይዞ ቤቱ ፊት መቆም ይቻላል። የመስታወቱን ክፍልፋይ መቁጠር፣ የመዝጊያውን ስፋት መገመት፣ በረንዳው ከመዘጋቱ በፊት ምን ይመስል እንደነበር ማየት ይቻላል። አንድ አናጺ ከዚያ ፎቶ ተነሥቶ መስኮቱን እንደገና ሊሠራው ይችላል። ጥዱን የት እንደሚያገኝና ማን እንደሚከፍለው ግን ፎቶው አይናገርም።